የሻወር ውሃ ሲደክም

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ከቤት ባለቤቶች ጋር ስለ ንጽሕና ስንነጋገር ዘወትር የምንሰማው ቅሬታ አለ፤ ይኸውም ሻወሩ ሲከፈት ውሃው ጠብ ጠብ ከማለት በቀር ገላን አያጥብም የሚል ነው። ብዙዎች ይህን የምቾት ጕድለት ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን የጤናም ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን። ውሃ በኀይል ሲገፋ፣ ቧምቧው ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ግፊቱ ሲወድቅ ግን የውጩ እድፍ ወደ ውስጥ ይሳባል።

አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ድካሙ ከየት እንደ መጣ ነው። የወጥ ቤቱና የግቢው ቧምቧ በደኅና እየወረደ ሻወሩ ብቻ ከደከመ፣ የሻወሩን ራስ ፈትቶ ውሃውን መልቀቅ ነው። ያን ጊዜ በኀይል ከወረደ ጥፋቱ የወንፊቱ ነው። አሸዋ፣ ዝገትና ኖራ መሰል ነጭ ዝቃጭ ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍኑ፣ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ ዘፍዝፎ ማሳደርና በጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ይበቃል። የደከመው የሞቀው ውሃ ብቻ ከሆነ በማሞቂያው መግቢያ ላይ ያለውን ቫልቭ መመልከት ነው፤ ኤሌክትሪኩን ሳያጠፉ ግን ማሞቂያውን መንካት አይገባም።

ውሃው ከሮቶ የሚወርድ ሲሆን ነገሩ የከፍታ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ይሰጣልና፣ ከሻወሩ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው የዚያን አንድ አምስተኛ ነው። ትልቅ ሮቶ መግዛት ግፊት አይጨምርም፤ ይህን ደጋግመን ብንናገርም የሚያምነን ጥቂት ነው። መቆሚያውን ከፍ ማድረግና ባለ ግማሽ ኢንቹን ቧምቧ በባለ ሦስት ሩብ መለወጥ ግን ይጠቅማል።

ቤቱ በሙሉ ከደከመ ቧምቧዎቹን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን መመልከት ነው፤ አሁንም የሚዞር ከሆነ በግቢው ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። የፎገራ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በዚህም የተቀበረውን ቧምቧ መገጣጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ጎርፍ ሜዳውን በሸፈነ ጊዜ፣ ሽንት ቤቱን ያጠበው ውሃ በዚሁ በላላው መገጣጠሚያ ላይ ይተኛል። ግፊቱ በወደቀ ሰዓት ወደ ቧምቧው የሚገባው ይኸው ነው።

ነገሩ በሠለጠነው ዓለምም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎ ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ቆሻሻ ውሃ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በተነሣው የአሜባ ተቅማጥ 98 ሰዎች ሞተዋል።

ስለዚህ ውሃው ደከመ ተብሎ ፓምፕን በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘት አደገኛ ነው፤ የጎረቤትን ውሃ ከመቀማቱም በላይ በየቀዳዳው ያለውን እድፍ ይስባል። ፓምፕ የግድ ካስፈለገ ከሮቶው ይሳብ። የሻወሩንም ጎማ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነክሮ መተው አይገባም፤ መስመሩ በድንገት ባዶ ሲሆን የሳሙናውን ውሃ ይጠጣዋልና። ውሃው ጠፍቶ ሲመለስም እስኪጠራ ድረስ አፍስሶ፣ ለመጠጥ የሚሆነውን ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል።