ካንዴላ የሚመረጠው በሙቀቱ ነው

መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ ካንዴላ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ወንድሜ፣ እሳቱ ጠንከር ያለውን ስጠኝ።» ሻጩም ኒኬሉን፣ ፕላቲኒየሙንና ኢሪዲየሙን በዋጋቸው ቅደም ተከተል ይደረድርለታል፤ ገዢው ኪሱን አይቶ ይመርጣል። ይህ አመራረጥ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የእሳቱን ጉልበት የሚሰጠው ካንዴላው አይደለምና። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20 ሺህና 30 ሺህ ቮልት አሳድጎ የሚልከው ኮይሉ ነው። ካንዴላው ኤሌክትሪኩ የሚዘልበትን ክፍተት ያዘጋጃል እንጂ ጉልበት አይጨምርለትም። ከባዱ ሥራው ሌላ ነው፤ በሚነድ ጋዝ መሀል ተቀምጦ የራሱን ሙቀት በልኩ መያዝ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚንና አየር ሲቃጠሉ የጋዙ ሙቀት ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ወዲያው የተቃጠለው ይወጣና በምትኩ ቀዝቃዛ አየርና ቤንዚን ይገባል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ መፈራረቅ በእያንዳንዱ ካንዴላ ላይ በሰከንድ 25 ጊዜ ይደርሳል። በ2,500 ዙር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንዱ ካንዴላ ብቻውን ወደ 125 ሺህ ጊዜ ይተኩሳል። በዚህ ሁሉ መሀል የካንዴላው ጫፍ እንደሚነደው ጋዝ አይግልም፤ እንደሚገባው አየርም አይቀዘቅዝም። ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው ከ500 እስከ 850 ዲግሪ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ሲቆይ ነው።

ከዚያ በታች ከወረደ በነጩ ሴራሚክ ላይ የሚያርፈው ጥላሸት አይቃጠልም። ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተጠራቀመ ዕለት ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን በመዝለል ፈንታ በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይወርዳል፤ ሲሊንደሩ ሳይተኩስ ያልፋል፣ ቤንዚኑም ሳይነድ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። ከላይኛው ወሰን በጣም ካለፈ የሚመጣው አደጋ የባሰ ነው። የጋለው ጫፍ ራሱ ፍም ይሆንና ኤሌክትሪኩ ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥለዋል። ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ፍንዳታው ከላይ ይጫነዋል። ይህ ከቀጠለ የፒስተኑ አናት ቀልጦ ይበሳል።

ስለዚህ የካንዴላ ዲዛይን ማለት በአብዛኛው ሙቀቱ በየት በኩል፣ በምን ፍጥነት ይውጣ የሚለውን መወሰን ነው። ሙቀቱ ከጫፉ ተነስቶ በሴራሚኩ አልፎ ወደ ብረቱ አካል፣ ከዚያም በጥርሱና በዋሸሩ በኩል ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ ክዳን፣ ይሄዳል፤ እዚያ የራዲያተሩ ውሃ ይወስደዋል። እጀታው ረጅም የሆነ የብረት ጭልፋ ከድስቱ የሚወጣውን ሙቀት ወደ እጅ ለማድረስ እንደሚዘገየው ሁሉ፣ የሴራሚኩ አፍንጫ ረጅም የሆነ ካንዴላም ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይለቃል። ይህ «ሞቃት» ካንዴላ ይባላል። አፍንጫው አጭር የሆነው ቶሎ ስለሚለቅ «ቀዝቃዛ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞቃት ማለት እሳቱ የጋለ ማለት አይደለም፤ በሁለቱም ላይ የሚዘለው ብልጭታ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ጫፉ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያቆይ ነው። ዝግ ባለ መንዳትና አነስተኛ ጉልበት ላለው ሞተር ሞቃቱ፣ ብዙ ጉልበት ለሚያወጣ፣ ለምሳሌ ተርቦ ላለው ሞተር ደግሞ ቀዝቃዛው ይስማማል።

የኛ አገር ከፍታ ወደዚህ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ለምን ብዙ እንደማይነገርለት ይገርመኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከወደብ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው፣ ብልጭታ አንድን ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በጋዙ ግፊትና በክፍተቱ ስፋት ብዜት ይወሰናል። በሞተሮች ውስጥ ባለው ሁኔታ ግፊቱ ባነሰ ቁጥር መዝለሉ ይቀላል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ቁልቁለትና ዳገት ላይ የሚሠራ ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀው አየር አነስተኛ ስለሆነ ኮይሉ የሚቸገረው ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። «ጠንካራ እሳት» እየተባለ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈለው ሞተሩ ብዙም ባልቸገረው ነገር ላይ ነው።

ችግሩ በሙቀቱ በኩል ይመጣል። አየሩ ሲያንስ በእያንዳንዱ ምት የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል፤ የካንዴላው ጫፍ ሙቀት ይወርዳል። በዚህ ላይ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ለወደብ አየር ተስተካክሎ ከሆነ፣ ቀጭኑን አየር አውቆ ቤንዚኑን ስለማይቀንስ ድብልቁ ይበዛበታል። ኢንጄክሽን ያላቸው መኪኖች በሴንሰር የሚገባውን አየር ስለሚለኩ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ነገር ግን እነሱም ከአጭር ጉዞ አይድኑም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ መመለስ፣ ከዚያ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በመጨናነቅ መቆም፣ ካንዴላው 500 ዲግሪ ሳይደርስ የሚያልፍ ቀን ነው። ጥላሸቱ የሚሰበሰበው በእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ታዲያ ለከፍታው ብለን አንድ ደረጃ ሞቃት ካንዴላ እንግዛ? አንዳንድ መካኒኮች ይህን ይመክራሉ፤ አሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ያው መኪና ቅዳሜ ሰው ጭኖ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ መተሐራና አዋሽ፣ አንዳንዴም ወደ አፋር ቆላ ይቀጥላል። ከ1,000 ሜትር በታች፣ አየሩ ወፍራም፣ ቀኑ ሐሩር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር። አዲስ አበባ ላይ ጥላሸቱን ያቃጠለው ሞቃት ካንዴላ እዚያ ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል። ጥላሸት የያዘ ካንዴላ አውጥቶ መለወጥ ይቻላል፤ የተበሳ ፒስተን ግን ሞተር ያስወርዳል። አምራቹ የወሰነውን ደረጃ መያዝና ለጥላሸቱ ደግሞ መንስኤውን፣ ማለትም የቆሸሸ የአየር ማጣሪያን፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተርን፣ የተበላሸ ሴንሰርን መፈለግ ይሻላል።

ደረጃው የተጻፈው በራሱ በካንዴላው ላይ ነው፤ ማንበብም አስቸጋሪ አይደለም። የጃፓኑ ኤንጂኬ ኩባንያ «ቢኬአር6ኢ-11» ብሎ ከጻፈ፣ «ቢኬ» የጥርሱ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር መፍቻው ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። «አር» ውስጡ ሬዚስተር እንዳለው፣ 6 የሙቀት ደረጃውን፣ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ 11 ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። አሳሳቹ የሙቀት ቁጥሩ ነው። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽና በሻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲያድግ ሞቃት ይሆናል። ጃፓኖቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም፤ የኤንጂኬ 5 ከዴንሶ 16፣ የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር ይመጣጠናሉ። አንዱን ብራንድ በሌላው መተካት የሚፈልግ ሰው በግምት ሳይሆን በአምራቹ ካታሎግ ይተካ።

«አር»ን ንቆ ማለፍም አይገባም። በተለምዶ 5,000 ኦም ገደማ የሆነችው ሬዚስተር ብልጭታው የሚረጨውን የሬዲዮ ሞገድ ታፍናለች። እሷ የሌለችበት ካንዴላ የመኪናውን ሬዲዮ ያንጫጫል፤ የሞተሩን ኮምፒውተር ምልክቶችም ሊያዛባ ይችላል።

የጥርሱ ርዝመት የማይደራደሩበት ነገር ነው። የረዘመ ካንዴላ ገብቶ ፒስተኑን ወይም ቫልቩን ሊመታ ይችላል፤ ባይመታም ወደ ውስጥ የወጡት ጥርሶች ግለው ፍም ይሆናሉ። ያጠረው ደግሞ ብልጭታውን ጉድጓድ ውስጥ ይደብቀዋል፤ ባዶ የቀረው የቴስታታ ጥርስም ካርቦን ይሞላበትና በሌላ ጊዜ ትክክለኛው አልገባ ይላል። 19 ሚሊ ሜትር በብዙ መኪኖች የተለመደ ነው፤ 26.5 ሚሊ ሜትር የሆኑም አሉ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሞ ማስተያየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ፣ ዋጋውን ወደሚወስነው ነገር እንምጣ። እያንዳንዱ ብልጭታ ከኤሌክትሮዱ ጥቂት አተሞችን ነቅሎ ይወስዳል፤ ክፍተቱ በጊዜ ብዛት የሚሰፋው ለዚህ ነው። ኒኬል በ1,455 ዲግሪ፣ ፕላቲኒየም በ1,768፣ ኢሪዲየም በ2,446 ዲግሪ ይቀልጣሉ። ቶሎ የማይቀልጠው ብረት ቀጥኖ መሠራት ይችላል፤ ቀጭን ጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ እንዲዘል ያደርጋል፣ አዲስ የተወለደውን ነበልባልም ሙቀቱን አይሰርቀውም። ኢሪዲየም ጥቅም አለው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። የኒኬል ካንዴላ ከ20 ሺህ እስከ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ያገለግላል፤ ለረጅም ዕድሜ የተሠራው የኢሪዲየም ወይም የፕላቲኒየም ካንዴላ ወደ 100 ሺህ ሊደርስ ይችላል። «ለረጅም ዕድሜ የተሠራው» ያልኩት አውቄ ነው። ማሸጊያው ላይ ኢሪዲየም ስለተባለ ብቻ ዕድሜው ረጅም አይሆንም። የመሀለኛው ጫፍ ብቻ ኢሪዲየም ሆኖ ከላዩ የሚታጠፈው ኤሌክትሮድ ተራ ኒኬል ከሆነ፣ የሚበላው ያ ኒኬል ነው። በሁለቱም በኩል ውድ ብረት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ አንድ ኮይል ሁለት ካንዴላ በሚያቀጣጥልባቸው መኪኖች፣ የአንደኛው ካንዴላ ብልጭታ ከጎኑ ወደ መሀሉ በተቃራኒው ስለሚዘል የታጠፈው ኤሌክትሮድ ፈጥኖ ይበላል።

ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት የኒኬል ካንዴላ ከሆነ፣ ትክክለኛ ደረጃ ያለው ኒኬል በየጊዜው እየቀየሩ መጠቀም ምንም ነውር የለበትም። ኢሪዲየም የተገጠመለትን ግን ወደ ኒኬል ማውረድ አይመከርም፤ ባለቤቱ የቀድሞውን 100 ሺህ ኪሎ ሜትር እያሰበ ሳይቀይር ይቆያል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ኮይሉም የሰፋውን ክፍተት ለመሻገር ሲታገል ይቃጠላል። ኮይል ከካንዴላ ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ሙቀቱ በጥርሱና በዋሸሩ በኩል ይወጣል ብለን ነበር። በደንብ ያልጠበቀ ካንዴላ ሙቀቱን ማስተላለፍ ስለማይችል፣ ደረጃው ትክክል ቢሆንም ይግላል። ከመጠን በላይ የጠበቀው ደግሞ የአሉሚኒየም ቴስታታውን ጥርስ ይበላል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይፈታ፤ መጀመሪያ በዙሪያው ያለው አቧራ በአየር ይነፋ፤ አዲሱ በእጅ ብቻ እስኪነካ ይዙር፤ ከዚያ ቶርክ ሬንች ካለ በመኪናው መመሪያ ልክ፣ ከሌለ ዋሸር ላለው አዲስ ካንዴላ ግማሽ ዙር ያህል ይጠበቅ። ጥርሱን ግሪስ መቀባት ልማድ ሆኗል፤ ኤንጂኬ ግን ላያቸው የተለበጡ ካንዴላዎቹን ምንም እንዳይቀባቸው ይመክራል፣ የለሰለሰው ጥርስ ሳይታወቅ ከልኩ በላይ ስለሚጠብቅ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚን የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ቴስታታ ለብዙ ዓመት የሚያስፈልገን ነው።

ፎርጅድ ካንዴላ በዓለም ገበያ ሁሉ የተሰራጨ ነው፤ አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ዋሸሩ በጣት ተሽከርክሮ የሚወልቅ፣ ጽሑፉ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ፣ የታጠፈው ኤሌክትሮድ ከመሀሉ ያፈነገጠ ከሆነ አይገዛ። ከሁሉ በላይ አራቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው፤ ትክክለኛዎቹ ልዩነት የላቸውም።

አሮጌዎቹ ሲፈቱ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ በቅደም ተከተል ይቀመጡ። አፍንጫው ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩም ደረጃውም ደህና ናቸው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የበዛ ቤንዚን ወይም የአጭር ጉዞ ምልክት ነው። የነጣና አረፋ ያወጣ ከሆነ ግሏል፤ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ካንዴላው ሞቃት ሆኖበታል። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ በዘይት ከራሰ ግን አዲስ ካንዴላ የሚፈታው ነገር የለም። ዘይቱ በፒስተኑ ፋሻ ወይም በቫልቭ ጎሚኒው በኩል እየገባ ነው፤ አዲሱም በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደዚያው ይሆናል። በዚያ ዕለት መካኒኩን የሚጠይቁት የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን እንዲለካ ነው።