አጥቢያ ኮከብና የአምባሰል ገደል

ለመስከረም 21 ንግሥ ግሸን ወጥቶ የሚያድር ምእመን፣ በአንዳንድ ዓመት ሊነጋ ሲል አጥቢያ ኮከብን በምሥራቅ ያያታል። ኮከብ ትባል እንጂ ፕላኔት ናት፤ ቬነስ። በመጠን ምድራችንን የምታክል፣ እንደ ምድር ድንጋያማ የሆነች ጎረቤት። ሳይንስ እንደ እሷ ደጋግሞ ሐሳቡን የለወጠባት ጎረቤት ያለች አይመስለኝም።

በ1918 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ ከደመናዋ ሥር ረግረግና ልምላሜ እንዳለ ጻፈ። ደመናው የውሃ መስሎት ነበር፤ ኋላ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ሆኖ ተገኘ። በ1962 ማሪነር 2 በአጠገቧ ሲያልፍ ገጿ እጅግ የጋለ መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1970 የሶቪየቷ ቬኔራ 7 ስታርፍባት ደግሞ እርሳስ የሚያቀልጥ ሙቀት ተለካ። የረግረጉ ወሬ በዚያው አበቃ።

ክርክሩ ግን ወደ ድንጋዩ ዞረ። ከ1990 ጀምሮ ማጀላን የተባለችው መንኮራኩር በራዳር ስታነሳት፣ አብዛኛው ገጿ የእሳተ ገሞራ ሜዳ ሆኖ ታየ። የተወርዋሪ አለት ጠባሳዎቿ 1,000 ያህል ብቻ ናቸው፤ እነሱም በየቦታው ተበትነዋል። ጠባሳ በጊዜ ብዛት የሚከማች ነውና፣ ገጿ በፕላኔት ዕድሜ ሲታይ ገና ልጅ ነው ማለት ነው። ታዲያ ላቫው በአንድ ዘመን ሁሉን አጥለቅልቆ ቆመ? ወይስ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ዛሬም አለ?

የወሎ ሰው ይህን ጥያቄ ገደሉ ላይ ሊያየው ይችላል። ከአምባሰል እስከ ወገል ጤና ደጋውን የገነባው በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ንብርብር በንብርብር፣ አልፎ አልፎ በመካከሉ ቀይ አፈር ያለበት። ያ ቀይ አፈር በሁለት ፍሰት መካከል ድንጋዩ አፈር እስኪሆን ጊዜ እንዳለፈ ይመሰክራል። ያም ሆኖ በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ክፍል የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1 ሚሊዮን ዓመት ግድም ውስጥ ነው።

ለቬነስ መልስ የሚመስል ነገር የመጣው በ2023 ነው፤ ያውም ከአሮጌ ምስል። ሁለት ተመራማሪዎች ማጀላን በ1991 በስምንት ወር ልዩነት ያነሳቻቸውን ምስሎች ሲያስተያዩ፣ በማአት ተራራ አጠገብ ያለ የገሞራ አፍ ከ2 ወደ 4 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፍቶ፣ ቅርጹም ተለውጦ አገኙት። ማስረጃው 30 ዓመት ያህል በማኅደር ተቀምጦ ነበር! በ2024 ሌላ ቡድን በሁለት ቦታዎች አዲስ ፍሰት የሚመስል ለውጥ አየ።

ስለዚህ ቬነስ አልሞተችም የሚለው ወገን በርትቷል። ያለፈው ታሪኳ ግን አልተፈታም። የወሎን ባዛልት ዕድሜ ያወቅነው ከገደሉ ተፈልጦ ቤተ ሙከራ በገባ ድንጋይ ውስጥ ያለው አርጎን ተለክቶ ነው። ከቬነስ እስካሁን አንድ ጠጠር አልመጣም፤ ዕድሜዋ የሚገመተው ጠባሳዋን በመቁጠር ነው።