ሻሸመኔ ላይ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ?

ከአርባ ምንጭ የተነሣ መኪና ወላይታ ሶዶንና ሀላባ ቁሊቶን አልፎ ሻሸመኔ ሲገባ ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርጋል። በግራ በኩል በቢሾፍቱ የሚያልፈው የአዲስ አበባ መንገድ አለ። በቀኝ ደግሞ ሐዋሳ፣ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ። ሳምንቱን ሙሉ ደቡብን ሲዞር የሰነበተ ቤተሰብ ክርክር የሚጀምረው እዚህ ነው። አባት «ቢሾፍቱ ብናድር ነገ ቤታችን ደረስን ማለት ነው» ይላል። ልጆቹ ከኋላ ወንበር «ጦጣ እንይ!» እያሉ ይጮኻሉ። እናት ዝም ብላለች፤ ልቧ ግን የሐዋሳው ዓሣ ጋ ነው። ከዕረፍቱ የቀረችው አንዲት ቀን ናት።

ይህች ቀን ከሌሎቹ የተለየች መሆኗን የሚጠቁም አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ 32 ተማሪዎች አንድ እጃቸውን ለ60 ሰከንድ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲነክሩ አደረጉ። ሌላኛውን እጅ ደግሞ ለ90 ሰከንድ አስነከሩ፤ በመጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች ግን ውሃው በጥቂቱ ለዘብ እንዲል ተደረገ። ከሁለቱ የትኛውን መድገም እንደሚመርጡ ሲጠየቁ 22ቱ ረጅሙን መረጡ። ብርዱ የቆየባቸው በዚያኛው ቢሆንም አእምሯቸው የያዘው አጨራረሱን ነበር። ጉዞም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስድስት ቀን ያማረ ጉዞ በሰባተኛው ቀን አቧራና የመኪና ሰልፍ ውስጥ ካለቀ፣ ቤት ተገብቶ የሚወራው ሰልፉ ነው።

ሐዋሳም ቢሾፍቱም የሐይቅ ከተሞች ስለሆኑ ሰው አንዷ ሌላዋን የምትተካ ይመስለዋል። አትተካም። ልዩነታቸው ከመሬቱ አፈጣጠር ይጀምራል። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የተባሉት ሐይቆች የተኙት፣ ከመሬት ሥር የመጣ ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠባብ ናቸው፣ ግን ይጠልቃሉ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። የሐዋሳ ሐይቅ በተቃራኒው ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታው ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ይህ ለጂኦሎጂ ተማሪ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ የዕረፍት ቀኑን የሚወስነው እሱ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ውሃው ከገደል ሥር ነው። ሰው አፋፉ ላይ ቡናውን ይዞ ይቀመጥና ቁልቁል ያያል። እይታው ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚያዩት ነው። የዳርቻውን ብዙውን ክፍል ሪዞርቶችና የግል ግቢዎች ስለያዙት ውሃው ጋ ለመድረስ በር ማለፍ፣ በሩን ለማለፍም መክፈል ይመጣል። ሐዋሳ ላይ ግን ከተማውና ሐይቁ እኩል ሜዳ ላይ ናቸው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ተነሥቶ ሰፊውን መንገድ ይዞ የወረደ ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ይደርሳል፤ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው መናፈሻ ዳር ቆሞም ውሃውን ያያል። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ በራስ መንገሻ ስዩም የአስተዳደር ዘመን የተቆረቆረች ናት። ገና ከጅምሩ በፕላን ስለተሠራች ጎዳናዎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ለእግረኛም ለብስክሌትም ይመቻሉ። መራመድ የሰለቸው በባጃጅ ይሄዳል።

ሐዋሳ ግን መልኳን የምታሳየው በማለዳ ነው። ማታ የተጣለ መረብ ንጋት ላይ ይሰበሰብና ጀልባዎቹ አሞራ ገደል የተባለው ዳርቻ ይደርሳሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያ የተገኘ ሰው ወጣቶቹ ቢላ ይዘው ሲሠሩ ያያል። ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ ቆዳውን ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ እጃቸው ዓይን አያስይዝም። ከጎናቸው አባ ኮዳዎቹ ተኮልኩለዋል። እነዚህ መላጣ አሞራዎች አንገታቸው ላይ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ጣል አድርገው፣ ጉዳያቸው እስኪታይላቸው እንደሚጠብቁ ባለጉዳዮች ቆመዋል። ሆድ ዕቃ ሲወረወር ያ ሁሉ ጨዋነት ይቀርና ግፊያ ይሆናል። ከዛፎቹ ላይ ጦጣዎች የልጆችን እጅ ይከታተላሉ፤ ሙዝ ይዞ የሄደ ሙዙን እንደተነጠቀ ይቁጠረው።

ከዚያ የዓሣ ሾርባ በትኩሱ ይቀርባል፤ ቃሪያ አለበት፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉም አሉ። ደፋር ያልሆነ ግን የተጠበሰውን ቢያዝ ይሻለዋል፤ ጥሬ የሐይቅ ዓሣ ከጥገኛ ትል ነጻ መሆኑን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም። ጉማሬ ማየት የፈለገ በጀልባ የሚወጣውም በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ንፋስ ይነሣና ውሃው ይናወጣል።

ስለዚህ ሐዋሳ ማደርን ትጠይቃለች። ቀትር ላይ ደርሶ ምሳ በልቶ የሚመለስ ሰው ሐዋሳን አየሁ ቢል ያየው ሙቀቷን ነው። ቢሾፍቱ ይህን አትጠይቅም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ለምሳ ተሂዶ ይመለሷታል፤ በሚቀጥለው እሑድም እዚያው ናት። 275 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ሐዋሳ ግን በየእሑዱ አትገኝም። ደጃፏ ድረስ የመጣ ሰው የመጨረሻዋን ቀን ለቤቱ በምትቀርበው ቢሾፍቱ ላይ ማጥፋቱ ብክነት ነው።

ያም ሆኖ ለቢሾፍቱ የሚፈርዱ ጉዳዮች አሉ፤ የመጀመሪያው በረራ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ማታ ከቦሌ የሚነሣ ከሆነ ሐዋሳ ላይ ነቅቶ በዚያው ቀን መሮጥ የለበትም። ሻንጣ የሚያስረክብበት ሰዓት፣ ዘመድ የሚሰናበትበት ሰዓት፣ ድንገት የሚፈነዳ ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ ካንድ ቀን ሊወጡ አይችሉም። ለእንዲህ ያለው ቢሾፍቱ በልኩ የተሰፋች ናት። ሐዋሳም አውሮፕላን ማረፊያ ስላላት መኪና ያልያዘ ሰው በአየር መመለስ ይችላል፤ ያኔ ሒሳቡ ይለወጣል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ጉዞውን አቃልሎታል፤ ከባቱ ወደ ሻሸመኔ ባለው በነባሩ መንገድ ግን ከብት፣ የአህያ ጋሪና ባጃጅ አስፋልቱን ይጋሩታል። አመሻሽ ላይ እዚያ መንዳት ለማንም አይመከርም። ከሐዋሳ የሚነሣ ሰው ቢዘገይ ቢዘገይ እኩለ ቀን ላይ መውጣት አለበት። እሑድ ማታ አዲስ አበባ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ ደግሞ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሦስተኛው የበዓል ቀን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሐዋሳን በምእመናን ይሞላታል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ላይ ይከበራል፤ ቀኑን የሚያውጁት ከዋክብትን የሚያነቡ የሲዳማ አዋቂዎች ስለሆኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል። በእነዚህ ቀናት አስቀድሞ መኝታ ያልያዘ አይሂድ። ቢሾፍቱም ከመስቀል በኋላ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ሲከበር እንዲሁ ናት።

መስቀለኛው መንገድ ላይ የቆመው ቤተሰብ ግን በረራም በዓልም የለበትም እንበል። ሻሸመኔ የደረሰው ቅዳሜ ከሆነ ወደ ቀኝ ይታጠፍ፤ እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል ሾርባውን ጠጥቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይመለስ። የደረሰው እሑድ ከሆነና ሰኞ ሥራ ካለ ወደ ግራ ይሂድ፤ ቢሾፍቱ ላይ ቡና ጠጥቶ ሳይመሽ ቤቱ ይግባ። በዶዶላ በኩል ከባሌ የመጣ መንገደኛ ግን ቀኝና ግራውን ይገልብጠው።