ክረምትና ካሜራ በአቃቂ ረግረግ

በአፍሪካ የሳፋሪ ገበያ የዝናብ ወቅት ርካሹ ወቅት ነው። መንገዱ ይጨቀያል፣ ሣሩ አድጎ እንስሳውን ይጋርዳል፣ ውሃ በየቦታው ስለሚገኝም አራዊቱ በጥቂት ኩሬዎች ዙሪያ መሰብሰባቸውን ትተው ይበታተናሉ። አብዛኛው ጎብኚ በጋን የሚመርጠው ለዚህ ነው። የዱር አራዊትን ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። መወለድ፣ መፋለም፣ መዳራትና ጎጆ መሥራት የሚበዛው ሣሩ ሲለመልም ነው። በታንዛኒያ ደቡብ ሴሬንጌቲ ዊልደቢስት የሚባሉት ግጦሽ ተከታይ መንጋዎች በጥርና በየካቲት ግድም በጅምላ የሚወልዱት ዝናብ አዲስ ሣር ባበቀለበት ሜዳ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ የክረምቱ ድግስ በዋናነት የወፎች ነው፤ ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ውሃ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዱና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው ግድብ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሲሆን፣ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ለረጅም ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ከአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ተነስቶ እስከ ሐይቁ የሚደርሰው ረግረግና ሜዳ ለወፎች ጥበቃ ጠቃሚ ናቸው ተብለው ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው። ውሃው ግን ንጹሕ አይደለም። የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይገባበታል፣ እምቦጭም ወሮታል። ወፎቹ ይህን ሁሉ ችለው መምጣታቸው ሰው ቦታውን በቸልታ እንዲያይ አድርጎታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። ወፉ ግን የትም አይሄድም። የመስቀል ወፍ የሚባለው ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በክረምትና በመስከረም ዓይን የሚስቡት ቢሾፕ በሚል ስም የሚታወቁት ወፎችና ጅራተ ረጃጅም ዘመዶቻቸው ናቸው። ወንዱ በበጋ እንደ ሴቷ ቡናማ ዥንጉርጉር ስለሚሆን በመንጋ መካከል ማንም ለይቶ አያየውም። ዝናቡ ሲገባ ላባውን ይቀይራል፤ አንዱ ዝርያ ጥቁር ላይ ደማቅ ቢጫ፣ ሌላው ጥቁር ላይ ቀይ ይለብሳል። ምክንያቱ ምግብ ነው፦ ሣሩ ዘር የሚይዝበትና ትላትል የሚበዛበት ጊዜ ጫጩት ለማሳደግ ይመቻል፣ ረጅሙ ሣርና ፊላም ጎጆ ይደብቃል። ስለዚህ ካሜራውን ይዞ መስቀልን የሚጠብቅ ሰው ከትርኢቱ አብዛኛው ያልፈዋል፤ በነሐሴ ወንዶቹ ላባቸውን ነፍተው ከክልላቸው በላይ እያንዣበቡ ሌላውን ወንድ ሲያባርሩ ይውላሉ።

ይህ ክልል የመያዝ ጠባይ ለፎቶ አንሺ ትልቅ እርዳታ ነው። ወንዱ ከፍ ብለው ከሚታዩ ሁለት ሦስት የሣር ወይም የፊላ አገዳዎች ላይ እየተመላለሰ ያርፋል። ወፉን በየሜዳው ከማሳደድ ይልቅ የሚመላለስበትን አገዳ ለይቶ፣ ጀርባው ንጹሕ የሚሆንበትን ጎን መርጦ፣ ዝቅ ብሎ መጠበቅ ያዋጣል። ጋጋኖን ለማግኘት ደግሞ ጆሮ ይበቃል፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኘው ይህ ወፍ በርጥብ ሜዳ ላይ በመንጋ ሆኖ ትል ሲለቅም ይውላል፣ ሲነሳም ጩኸቱ አካባቢውን ይሞላል። ዳክዬዎችና ዝይዎች ግን በክረምት ውሃው ስለሚሰፋ ይርቃሉ፤ እነሱን በቅርብ ማንሳት በበጋ ይቀላል።

የክረምት ብርሃን ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በበጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከርና ጥቁር ላባ ዝርዝሩን ያጣል፣ ቢጫው ይነጣል። ደመና ግን ብርሃኑን አለስልሶ በእኩል ስለሚያዳርስ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ መሥራት ይቻላል። ችግሩ የብርሃኑ መጠን ማነሱ ነው፦ ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ሰከንድ፣ ለሚበር ደግሞ 1/2000 ሰከንድ ያህል ፍጥነት ስለሚያስፈልግ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። ጥቂት ሸካራነት ያለበት ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። የካሜራው የብርሃን መለኪያም በሁለት መንገድ ይሳሳታል። ጥቁር ወፍ ምስሉን ሲሞላ «ጨለመ» ብሎ ያበራዋል፣ ቢጫውና ቀዩም ይቃጠላል፤ በዚህ ጊዜ መቀነስ ያስፈልጋል። ወፉ ከነጣ ደመና ፊት ሲሆን ደግሞ «በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ ወፉም ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ወይም ሁለት እርከን መጨመር ይገባል።

ዝናቡ ራሱ ፎቶ ውስጥ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ጀርባው የጨለመ ቦታ መምረጥ አለበት፤ ባሕር ዛፍ ወይም ጥቁር ደመና ይበቃል። በ1/125 ሰከንድ አካባቢ ጠብታው መስመር ይሆናል፣ በ1/1000 ባለበት ይቆማል። ለመከላከያ ውድ ሽፋን አያስፈልግም፤ ሌንሱ በሚወጣበት በኩል ተቀዶ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ፌስታል ያገለግላል። በዝናብ መሃል ሌንስ መቀየር ግን ካሜራውን እንደማጠብ ነው። ሌላው የተረሳ ጠላት ጤዛ ነው፦ የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቅ ወዳለ ቤት ወይም መኪና ሲገባ መስተዋቱ ውስጥና ውጭ ያልበዋል። ቦርሳውን ሳይከፍቱ ሙቀቱ እስኪስተካከል መተው ይህን ያስቀራል። ክረምቱን ሙሉ በርጥብ ቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው መስተዋቱን ከበላው በኋላ ጠርጎ ማዳን ይከብዳል።

መሬቱም የራሱ ሕግ አለው። የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣልና ጎማ ይይዛል። መኪና ከጠጠሩ መንገድ ካልወጣ እንደ መደበቂያ ያገለግላል፣ ወፍ እግረኛን የሚፈራውን ያህል መኪናን አይፈራምና። ከመንገዱ ከወረደ ግን ጎታች ይፈለጋል። ለእግረኛ ቦቲ ጫማ ከእርጥበቱም ከፍሳሹም ይከላከላል፤ ውሃውን ነክቶ ሳይታጠቡ መብላት አይገባም። ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ በማለዳ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ጥሩ ልማድ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሞ መጠበቅ ለማንም ፎቶ አያዋጣም።

በዚህ ወቅት ሜዳው የገበሬም ነው። ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ስለሆነ ለስልሶ የተዘራ ማሳ ላይ መራመድ የሰው ምርት መርገጥ ነው፤ የማሳውን ባለቤት ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ከሁሉ ይቀድማል። የትኛው ኩሬ ምን ወፍ እንደሚያድርበት የሚያውቁትም እረኞች ናቸው። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም፤ መታወቂያ መያዝ፣ ግድቡንና ፋብሪካዎቹን ያለ ፈቃድ አለማንሳት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ከበድ ያለው ጉዳይ ጎጆው ነው። ጎጆ አጠገብ የቆመ ሰው እናቲቱን ከእንቁላሉ ያስነሳል፣ ቅዝቃዜና ዝናብ ደግሞ እንቁላሉን ይገድላል። ፎቶው ጥርት እንዲል ሣሩን ያጎበጠ ወይም የቆረጠ ሰው ጎጆውን ለቁራ አጋልጦ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአዲስ ዓለም አካባቢ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ በክረምት የሚራባው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የሚባለው ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ነው። በሣር ውስጥ ስለሚኖር ሊያየው የሚሞክር ሰው ረግረጉን ይረግጣል። በደቡብ አፍሪካ ይኸው ወፍ እንደሚራባ የተረጋገጠው ግን ማንም ሳያሳድደው ነው፤ ሣሩ ውስጥ የተተከሉና እንስሳ ሲያልፍ ራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎች ጫጩቶቹን ቀርጸው አሳዩ።

በአቃቂ ለሚነሳ ፎቶም ቀኑንና ቦታውን መጻፍ ምስሉን ማስረጃ ያደርገዋል፤ ከተማው ወደ ረግረጉ እየገፋ በሄደ ቁጥር የትኛው ወፍ እስከ መቼ እዚያ ይራባ እንደነበር የሚናገረው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ግን የጎጆው ትክክለኛ ቦታ አይጠቀስ፤ «አቃቂ፣ ነሐሴ» ማለት ለተመልካች ይበቃል።