ቤት የሰፋው ቡድን

ሞንትሪያል የተባለው የካናዳ ከተማ ስም ሲነሣ፣ የኢትዮጵያ ስፖርት ወዳድ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ያልተሮጠ ሩጫ ነው። በ1976 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) በዚያ ከተማ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሲደረግ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደ ሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ምክንያት ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከነዚህ አንዷ ነበረች። ስለዚህ ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ፤ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰደ። ምሩጽ ሁለቱን ወርቆች ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው። የኋላ ዕድሜውን በካናዳ አሳልፎም በ2016 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ ዐረፈ።

ዛሬ የማወራው ግን ስለ ሩጫው አይደለም። ሩጫው ስለ ተደረገበት ሕንፃና፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ተከራይቶ ሊሞት ስለ ተቃረበ አንድ የኳስ ቡድን ነው።

ቡድኑ አሉዌት ይባላል፤ ትርጉሙ በፈረንሳይኛ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ ማለት ነው። የሚጫወተው እኛ የምናውቀውን የእግር ኳስ አይደለም። የካናዳ ፉትቦል በእጅ ተይዞ በሚሮጥበትና በሚወረወር ሞላላ ኳስ የሚደረግ ትግል የተቀላቀለበት ጨዋታ ነው፤ ከጎረቤቱ ከአሜሪካው የሚለየውም በእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ አንድ ሳይሆን ዐሥራ ሁለት ሰው በመሰለፉ፣ ኳሱን ዐሥር ያርድ ወደ ፊት ለማድረስም አራት ሳይሆን ሦስት ሙከራ ብቻ በመፈቀዱ ነው። ሜዳውም በቁመትም በወርድም ከአሜሪካው የሰፋ ሆኖ የኖረ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ሕጉ አላትትም፤ እኔም ብሆን ግማሹን የተረዳሁት ተደጋግሞ ከተነገረኝ በኋላ ነው።

አሉዌት በ1946 ዓ.ም. ሲቋቋም በቤዝቦል ሜዳ ላይ ተደርቦ ይጫወት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ወደ ማክጊል ዩኒቨርስቲ ሜዳ ተዛወረ። ይህ ሜዳ ሮያል በተባለው ተራራ ግርጌ በዳገቱ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የተከፈተው በ1915 ዓ.ም. ነው። ስሙ የፐርሲቫል ሞልሰን ስታዲዮም ነው። ሞልሰን የዩኒቨርስቲው ተማሪ የነበረ፣ በ1904 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ 400 ሜትር የሮጠ ስፖርተኛ ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘምቶ በ1917 ዓ.ም. ፈረንሳይ አገር ላይ ሲሞት፣ ለሜዳው ማሠሪያ 75 ሺህ ዶላር በኑዛዜ ትቶ ነበር። እንግዲህ ሜዳው የአንድ ወጣት ኑዛዜ ነው ማለት ይቻላል።

ዳሩ ግን በ1960ዎቹ ሞንትሪያል ትልቅ ነገር የምትመኝ ከተማ ሆነች። ለ1967ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲባል በወንዙ አጠገብ ኦቶስታድ የተባለ ሌላ ስታዲዮም ተሠርቶ ነበርና፣ በ1968 ዓ.ም. ቡድኑ የዩኒቨርስቲውን ሜዳ ትቶ ወደዚያ ሄደ። መቀመጫው ተነጣጥለው በቆሙ የቤቶን ትሪቡኖች የተሠራ ስለ ነበረ፣ የወንዙ ነፋስ በመካከላቸው ያለ ከልካይ ይገባ ነበር። ተመልካቹ አልወደደውም። ቡድኑ በ1972 ዓ.ም. ለአንድ የውድድር ዘመን ወደ ዩኒቨርስቲው ተመልሶ እንደ ገና ሄደ። ከዚያ በኋላ ኦሊምፒክ መጣ።

የኦሊምፒኩ ስታዲዮም ንድፍ የተሰጠው ሮዤ ታይበር ለተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው። ሕንፃው እንደ ትልቅ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለ ሲሆን፣ ጎኑ ላይ ያዘመመ ረጅም ማማ አለው፤ ማማው ጣሪያውን በገመድ እየሳበ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ታስቦ ነበር። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ዣን ድራፖ ኦሊምፒክ ኪሣራ ያመጣል ከማለት ወንድ ይወልዳል ማለት ይቀላል ብለው ነበር። ጨዋታው ሲከፈት ማማው ገና በግማሽ ቆሞ ነበር፤ ጣሪያም አልነበረም። የተጠናቀቀው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ዕዳው ከነወለዱ ከ1.4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ደርሶ፣ በሲጃራ ላይ በተጣለ ቀረጥ ጭምር ሲከፈል ኖሮ ያለቀው በ2006 ዓ.ም. ነው። በ1976 ዓ.ም. የተወለደ አጫሽ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው፣ የተወለደበትን ዓመት ግብዣ ዕዳ ሲከፍል ኖረ ማለት ነው።

አሉዌት ወደዚህ ሕንፃ የገባው በ1976 ዓ.ም. ኦሊምፒኩ እንዳለቀ ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ ደግ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ግሬይ ካፕ የተባለው የአገሪቱ ዋንጫ ፍጻሜ በዚያ ሲደረግ፣ በከተማው የአውቶቡስና የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቁመው ሳሉ እንኳ 68,318 ሰው ተገኘ። የዋንጫው ታሪክ ከዚያ የበለጠ ተመልካች አላየም። ቀደም ብሎ የወረደውን በረዶ ለማቅለጥ ጨው ስለ ተበተነ፣ የቀለጠው ውሃ እንደ ገና ረግቶ ሜዳው መስታወት ሆነ። የአሉዌት ተጫዋቾች ወረቀት የሚሰፋበትን የብረት ሽቦ በጫማቸው ሶል ላይ ተኩሰው በመውጣታቸው እግራቸው መሬት ሲቆነጥጥ፣ የኤድመንተን ተጫዋቾች ሲንሸራተቱ ዋሉ። ውጤቱ 41 ለ6 ሆነ። ከቢሮ ዕቃ እንዲህ ያለ ጥቅም የተገኘበት ሌላ ጊዜ አላውቅም፤ ቢሮ ለምንውል ሰዎች የሚያጽናና ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁለቱ ተጀመረ። በ1982 ዓ.ም. ባለቤቱ ከስሮ ቡድኑ ፈረሰ፤ ወዲያው ኮንኮርድ በሚል ሌላ ስም ተተካ። ስሙ በ1986 ዓ.ም. ቢመለስም፣ በ1987 ዓ.ም. የውድድሩ ዘመን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ጭራሹን ተዘጋ። ሞንትሪያል ለዘጠኝ ዓመት ያለ ፉትቦል ቡድን ኖረች። ቡድኑ ከሞት የተነሣው በአሜሪካ ከተማ ምክንያት ነው፦ በ1995 ዓ.ም. ግሬይ ካፕን ወስዶ፣ ዋንጫውን ከአሜሪካ ምድር ያሸነፈ ብቸኛ ቡድን የሆነው የባልቲሞር ቡድን፣ ወደ ከተማው የአሜሪካ ታላቁ ሊግ ቡድን እንደሚመጣ ሲሰማ ዕቃውን ጠቅልሎ ሞንትሪያል ገባና አሉዌት ተባለ።

ያረፈውም በዚያው በትልቁ ቤት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከ60 ሺህ በላይ መቀመጫ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ዐሥር ሺህ ገደማ ሰው ተበታትኖ ይቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለመረዳት ፉትቦል ማየት አያስፈልግም። በዩኒቨርስቲ ሳለሁ አንድ ትምህርት ለአርባ ሰው በአራት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ይሰጥ ነበር። መምህሩ መልካም ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ሲጠይቁን የሚመልስ አልነበረም፤ ድምፃችን ተመልሶ ሲመጣ ያስፈራን ነበር። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ያው መምህር ያንኑ ክፍል በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲያስተምሩ ጭቅጭቁ ደወል አያቋርጠውም ነበር። ዐሥር ሺህ ሰው ትንሽ ሕዝብ አይደለም፤ ትንሽ የሚያደርገው ባዶው ወንበር ነው። ባዶ ወንበር ያየ ተመልካች ደግሞ ቲኬት አስቀድሞ አይገዛም፤ ምን ቸገረው፤ መቼም ቦታ አይጠፋም።

በ1997 ዓ.ም. መጸው ቡድኑ ለጥሎ ማለፍ ውድድር በቅቶ እሑድ ኅዳር 2 ቀን በሜዳው ሊጫወት ተዘጋጀ። ዳሩ ግን የስታዲዮሙ አስተዳደር ለዚያው ቀን ሕንፃውን ዩ ቱ ለተባለው የአየርላንድ የሙዚቃ ጓድ አከራይቶት ነበር። ሙዚቀኞቹ አዳራሹን ይሞሉታል፤ ኳስ ተጫዋቾቹ አይሞሉትም። ስለዚህ የወጣው ቡድኑ ነው። የት ይሂድ? የቡድኑ ፕሬዚዳንት ላሪ ስሚዝ በ1970ዎቹ ራሳቸው ለአሉዌት የተጫወቱ፣ በ1977ቱ በረዶም ውስጥ የነበሩ ሰው ናቸው። በጀማሪነታቸው ዘመን ቡድኑ የተጫወተበት የዩኒቨርስቲው ሜዳ አሁንም በተራራው ሥር ነበረ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ለክብር አይበቃም ተብሎ የተተወ ሜዳ ነው።

በዚያ እሑድ የተማሪዎቹ ሜዳ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ሞላ። ተመልካቹ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥሞ ተቀመጠ፤ ጩኸቱ ከዳገቱ ወደ ሜዳው ወረደ። አሉዌት ከምዕራብ ጠረፍ የመጣውን የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቡድን 45 ለ35 አሸነፈ። በሚቀጥለው ዙር ቶሮንቶ ላይ ተሸንፎ ወጣ፤ ይሁን እንጂ የዚያን ዓመት ትርፍ ድሉ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. ቡድኑ ጠቅልሎ ወደ ዩኒቨርስቲው ሜዳ ተመለሰ።

ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳይመስል። ሃያ ሺህ ወንበር ባለው ቤት ውስጥ መግባት ማለት፣ ሰው ቢመጣ እንኳ ከሃያ ሺህ በላይ ቲኬት አልሸጥም ብሎ መማል ነው። ቤቱ የራሱ አይደለም፤ የዩኒቨርስቲው ነው። የመኪና ማቆሚያ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ተመልካቹን ከከተማው መካከል በአውቶቡስ ማመላለስ ግድ ሆነ። ለአያሌ ዓመታትም ብዙ ሕዝብ በሚጠበቅበት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጊዜ ቡድኑ ወደ ትልቁ ስታዲዮም እየተመለሰ ይጫወት ነበር። ለሠርግ አዳራሽ እንደሚከራይ ሰው ማለት ነው፤ በዚህ የሚያሳፍር ነገር አላይበትም።

ውጤቱ ታየ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል የጠባቡ ሜዳ ቲኬት ከጨዋታው በፊት ያልቅ ነበር። በ2002፣ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ቡድኑ ግሬይ ካፕን ወሰደ። ወንበር ማጣት የሚፈራ ሰው ለዓመት የሚያገለግል ቲኬት ይገዛል፤ የዓመት ቲኬት የገዛ ሰው ደግሞ ዝናብ ቢዘንብም ይመጣል። የቡድኑ ገንዘብ የተረፈው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስብ የሰው ልጅ ጠባይ ይገርመኛል። ቤቱ ስለ ሞላ ቤቱ ይስፋ ተባለ። ከፍተኛውን ድርሻ የኩቤክ መንግሥት ከፍሎ፣ ከተማውና ባለቤቱ ጨምረውበት፣ በጠቅላላው ወደ 29 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ወጥቶ በ2010 ዓ.ም. ሜዳው 25 ሺህ ሰው እንዲይዝ ተደረገ። አምስት ሺህ ወንበር ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ቲኬት የማለቁ ልማድ ተቋረጠ፤ ጥቂት ቆይቶ አንዳንዱ ወንበር ተመልሶ ተነሣ። ቡድኑ በሜዳም ስለ ደከመ ጥፋቱን ሁሉ በወንበሮቹ ላይ መጣል አይገባም። የሆነ ሆኖ የጭፈራ ቤት በር ላይ የቆመውን ሰልፍ አይቶ በሩን ያስፋፋ ሰው፣ ሰልፉ ራሱ ደንበኛ ይጠራ እንደ ነበረ የሚያውቀው ሰልፉ ከጠፋ በኋላ ነው።

ልክ የሆነ ቤት ሁሉን ችግር አይፈታም። በ2019 ዓ.ም. ባለቤቶቹ ቡድኑን ለሊጉ አስረክበው ወጡ፤ በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደ ገና ባለቤት አጥቶ በሊጉ እጅ ወደቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ፒየር ካርል ፔላዶ የተባሉ የኩቤክ ባለሀብት ገዙት፤ በኅዳርም ዊኒፔግን 28 ለ24 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1982 ወይም ከ1987ቱ ጋር ቢተያይ ልዩነቱ ይህ ነው፦ ያን ጊዜ ባለቤት ሲጠፋ ቡድኑ አብሮ ጠፋ፤ አሁን ግን ባለቤት ጠፍቶ ተመልካቹ በዳገቱ ላይ ቆየ። የሚሸጥ ነገር ስለ ነበረ የሚገዛ ተገኘ።

ትልቁ ስታዲዮምስ? በ1991 ዓ.ም. 55 ቶን የሚመዝን የቤቶን አካል ወድቆበት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልጎዳም። ከቤዝቦል ቡድኑ ጋር የነበረው ኑሮ በ2004 ዓ.ም. አበቃ፤ ቡድኑ ወደ ዋሺንግተን ሄደ። የጨርቅ ጣሪያው ከብዙ ሺህ ቦታ ስለ ተቀደደ፣ የኩቤክ መንግሥት በ2024 ዓ.ም. 870 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ አዲስ ጣሪያ ሊያለብሰው ወሰነ። ምሩጽ ሊሮጥበት የነበረው መም ዛሬ የለም።

አሉዌቶች ግን ያስወጧቸውን ሙዚቀኞች አልረሱም። በሜዳቸው በእሑድ ቀን ሲጫወቱ ከጨዋታው በፊት ስሙ ደም ያለበት እሑድ የሚል ትርጉም ያለውን የዩ ቱን ዘፈን ማሰማት ልማዳቸው ሆኖ ቆይቷል። ዘፈኑ በ1972 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ በደሪ ከተማ በወታደር ጥይት ስለ ተገደሉ ሰልፈኞች የተዘፈነ ኀዘን ነው። በዳገቱ ላይ ተጨናንቀው የተቀመጡት ሰዎች ይህን ቢያውቁም ባያውቁም፣ ዘፈኑን ሲሰሙት ቆይተዋል።