ተጨማሪ መረጃ፦ በየስድስት ሳምንቱ አዲስ ፋየርፎክስ

ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ሶፍትዌሮችን ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ ከሥራ ወይም ከትምህርት በተረፋቸው ሰዓት የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለዚህ አዲስ ስሪት የሚወጣበት ፍጥነት ሲለወጥ የእነሱም ውሎ አብሮ ይለወጣል።

የፋየርፎክስ ማሰሻን እንመልከት። ስሪት 3.6 የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሲሆን፣ ስሪት 4 የደረሰው በማርች 2011 ነበር። አንድ ሰው የጻፈው ማሻሻያ ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርስ ከዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችል ነበር ማለት ነው። ማሰሻውን የሚያዘጋጀው ሞዚላ በዚያው በ2011 አሠራሩን ለውጦ አዲስ ስሪት በየስድስት ሳምንቱ ማውጣት ጀመረ። ያላለቀ ሥራ ለቀጣዩ ስሪት ይተላለፋል እንጂ የሌላውን አያዘገይም። ትርፍ ሰዓት መቼ እንደሚያገኝ ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጫናው የመጣው በሌላ በኩል ነው። አድኦን የሚባሉትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸው ከእያንዳንዱ አዲስ ስሪት ጋር መስማማቱን ቶሎ ቶሎ ማረጋገጥ ግድ ሆነባቸው። ማሰሻውን ወደየቋንቋቸው የሚተረጉሙ በጎ ፈቃደኞችም አዳዲሶቹን ጽሑፎች በአጭር ጊዜ ማድረስ ነበረባቸው። በ2012 ስሪት 10 ሲወጣ አብዛኞቹ አድኦኖች ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይስማማሉ ተብለው እንዲቆጠሩ ተደረገ። ተገቢ እርምጃ ነበር፤ ፍጥነቱን የወሰነው ሞዚላ እንጂ በጎ ፈቃደኞቹ አልነበሩምና። በዚሁ ስሪት ለድርጅቶችና ለትምህርት ቤቶች አንድ ዓመት ያህል ድጋፍ የሚያገኝ የተለየ ፋየርፎክስ ተዘጋጀላቸው። በ2020 ደግሞ የስድስት ሳምንቱ ዑደት ወደ አራት ሳምንት አጠረ።