በወኅኒ ቤት የተዘረጋ የፊዚክስ ጉባኤ

በወልቂጤ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊዚክስ የማስተምር ሰው እንደ መሆኔ፣ የመስቀል በዓል አልፎ ነጋዴ ዘመዶቻቸው ወደ መርካቶ ሲመለሱ ልባቸው አብሮ የሚነጉድባቸውን ልጆች በትምህርት ለማጽናት ዘወትር መላ ስሻ እኖራለሁ፤ «ይህን ተምሮ ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄም፣ በአንደበት ባይነገር እንኳ፣ ከዓይናቸው አይታጣም። እንዲህ በሆነ ጊዜ የቀመሩን ትርጓሜ ለጥቂት አቆይቼ የፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ዜና ሕይወት እነግራቸዋለሁ።

እኒህ ሊቅ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲካል ፊዚክስን ያስተማሩ ሲሆን፣ የምርምራቸውም ነገር በሙቀት የሚናወጡ ደቂቅ ቅንጣቶች ሥራ የሚሠሩበት፣ ብራውናዊ ሞተር የሚባለው ረቂቅ ጉዳይ ነው። በደርግ ዘመን ተይዘው፣ ሥቃይ ተቀብለው፣ ለዓመታት በወኅኒ ኖሩ፤ ይሁን እንጂ መምህርነታቸው ከእርሳቸው ጋር አብሮ ገብቶ ነበርና፣ አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ባንጋሎር በሚገኘው የሕንድ የሳይንስ ተቋም የዶክትርና ማዕረግ ተቀብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በሶቭየቱ ሊቅ በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት አበረከተላቸው። ሽልማቱ ስለ ቀመር ሳይሆን ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ትምህርት የተደከመ ድካም ዋጋ መሆኑን ስነግራቸው፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ።

በመከራ መካከል ከትምህርት አለመለየት በሩቅ ምሥራቅም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1922 በቻይና የተወለደው ቸን ኒንግ ያንግ የተማረው፣ ከጃፓን ጦር ሸሽተው በኩንሚንግ በተጠለሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጉባኤ ነው፤ በ1940 ቤተሰቡ የተከራየው ቤት በቦምብ ሲመታ፣ አካፋ ይዞ ሄዶ ከፍርስራሹ መጻሕፍቱን ቆፍሮ አወጣ፤ በማግኘቱም እጅግ ተደሰተ። ይኸው ወጣት በ1948 በቺካጎ ዶክትርናውን ፈጸመ፤ በ1954 ከሮበርት ሚልስ ጋር የጻፈው ጽሑፍም ዛሬ የቅንጣት ፊዚክስ ሁሉ መሠረት ሆኖ ይኖራል፤ እኔ ብጠየቅ ኋላ የኖቤል ሽልማት ካስገኘለት ሥራ ይህን አስበልጣለሁ።

ነገር ግን ስለ ኖቤሉ ሥራ ጥቂት መቆየት ግድ ይላል። ያንግና ሱንግ ዳኦ ሊ በ1956 የጠየቁት ጥያቄ፣ ማንም ያለ ምርመራ ያመነውን የሚነካ ነበር፦ የተፈጥሮ ሕግ ቀኝና ግራን ሳይለይ፣ በመስተዋት ውስጥም ቢታይ ያው ይሆናልን? ደካማ በሚባለው የአስኳል ኃይል ረገድ ይህን የፈተነ ሰው እንደሌለ አሳዩ፤ መልሱን ግን ወረቀት ሊሰጣቸው አልቻለም። መልሱን የሰጠችው ቺየን ሺዩንግ ዉ ናት፤ ኮባልት 60ን እስከ ፍጹም ዜሮ ጥቂት እስኪቀረው አቀዝቅዛ፣ አስኳሎቹን በማግኔት አሰልፋ፣ ከእነርሱ የሚፈልቁት ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ ወገን አድልተው እንደሚወጡ አረጋገጠች፤ ሕጉ ቀኝና ግራን ይለያል ማለት ነው። በ1957 ኖቤሉን የተቀበሉት ሁለቱ ወንዶች ናቸው፤ እርሷ አልተሸለመችም፤ ይህንም ለሴቶች ተማሪዎቼ ሳልሸፋፍን እነግራለሁ።

ስለዚህ ሙሉጌታ በወኅኒ አስተማሩ፣ ያንግም መጽሐፉን ከፍርስራሽ አወጣ በማለት፣ ለተማሪዎቼ የማግኔትና የሽቦ ዋጋ የሚከለክል ሹም ቢመጣ፣ ያለ ቤተ ሙከራ የያንግ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጥያቄ ሆኖ ይቀር እንደነበር አስረድቼ ገንዘቡን እጠይቀዋለሁ።